የታታሚ ሠሪው መስኮት

ስለ ጋሽ ቶኩጂ ክፉ አወራለሁ ብሎ የሚጠብቅ ሰው ካለ አይፈረድበትም። በሰፈራችን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እሳቸውን ያኮረፈ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው ቢጣላም በአዲስ ዓመት ይታረቃል። እኔ ፉሚዮ፣ የቶፉ ቤቷ፣ አልታረቅኩም። ሰላም እላቸዋለሁ፣ ቶፉም፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ እሸጥላቸዋለሁ፤ ግን የምሰጣቸው ሁልጊዜ ጥጉ የተሰበረውን ነው። ሙሉ ሙሉው ቶፉ ውሃው ውስጥ ተደርድሮ እያዩት፣ እጄን እስከ ክርኔ ሰድጄ የተሰበረውን ፈልጌ አወጣላቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ «ምነው?» ብለው አያውቁም። ይሄ ይባስ ያናድደኝ ነበር።

ጋሽ ቶኩጂ ታታሚ ሠሪ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ሰማንያ አራት። የዚህ ወደብ ሰው የሚተኛው እሳቸው በሰፉት ምንጣፍ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ቤታችን ፊት ለፊት ስለሆነ ረጅሙን መርፌ በመዳፋቸው ገፍተው ክሩን በክርናቸው ሲያጠብቁት ከመንገድ ማዶ ይሰማኛል። ቀኝ ክርናቸው ላይ ያለው ቆዳ ጠጥሮ ጠጥሮ ድንጋይ ሆኗል። ሚስታቸው በወጣትነቷ ስለሞተች ልጃቸውን ሪትሱኮን ለብቻቸው ነው ያሳደጉት። ትምህርት ቤት ስትሄድ ፀጉሯን በታታሚ ክር ያስሩላት ነበር፤ ሰው ሲስቅ «ምን ታደርጉታላችሁ፣ አይፈታም!» ይላሉ። እውነትም አይፈታም ነበር፣ ማታ በመቀስ ነበር የሚቆርጡላት።

ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። የእኔና የእሳቸው ነገር የተበላሸው በሐምሌ በዓል ነው።

በሐምሌ መጨረሻ አምላካችን ዓመቱን ሙሉ ከሚቀመጥበት ኮረብታ ይወርዳል። ጣሪያዋ ላይ የወርቅ ወፍ የቆመችባት ሚኮሺ፣ በአጣና የምትነሳ ትንሽ መቅደስ፣ ውስጥ ገብቶ፣ በሰው ትከሻ ሰፈሩን ይዞራል። ነፍስ ካወቅኩ ጀምሮ ከሚኮሺዋ ፊት ፊት የሚሄዱት ጋሽ ቶኩጂ ነበሩ። አንገታቸው ላይ በቀይ ገመድ የተንጠለጠሉ ሁለት ጠንካራ እንጨቶች አሉ። አንዴ ሲያጋጯቸው ሚኮሺዋ ትነሳለች፣ ሲደግሙት ትወርዳለች፤ እንጨቱ ሳይመታ ክንዱን የሚያጥፍ ሰው የለም። እጃቸው ላይ ደግሞ ረጅም ቀርከሃ ይይዛሉ። ቀርከሃው የፎቅ መስኮት ለማንኳኳት ነው።

አምላክን ከላይ ሆኖ ቁልቁል ማየት ነውር ነው። ሚኮሺዋ ስታልፍ ፎቅ ያለ ሰው ይወርዳል፣ መውረድ ያልቻለ መስኮቱን ዘግቶ ይቀመጣል። ሌላ ሰፈር አሁን ሰዉ ፎቅ ላይ ተኮልኩሎ በስልኩ ሲቀርጽ ይውላል፤ ማንም ምንም አይለውም። እኛ ጋ ግን ቀርከሃው አለ። ኳ! ኳ! ኳ! «ማነው እዚያ የተሰቀለው? ውረድ! አምላክ አናት ላይ ልትቆም ነው?» አንድ ዓመት ለእንግድነት የመጣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ከነባርኔጣው በመስኮት ብቅ ቢል፣ ባርኔጣው በቀርከሃ ተመትቶ መንገድ ላይ ወረደ። ሰፈሩ ወር ሙሉ ሳቀ፣ እኔም ስቄያለሁ።

በዓመቱ የእናቴ ተራ ደረሰ።

እናቴ ኪኑ የመጨረሻ ሐምሌዋን ፎቅ ላይ ተኝታ ነው ያሳለፈችው። ምድር ቤታችን አኩሪ አተሩ የሚፈላበት፣ ወለሉ ሁልጊዜ ውሃ የሆነ ነው፤ በሽተኛ አይተኛበትም። የበዓሉ ቀን ጩኸቱ ሲቀርብ «ፉሚዮዬ፣ ቀና አድርጊኝ እስቲ» አለችኝ። ትራስ ደራርቤ ወደ መስኮቱ አስጠጋኋት። የወርቋ ወፍ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ፊቷ ፈካ፤ ከስንት ወር በኋላ ጥርሷን አየሁት። ወዲያው ኳ! ኳ! ኳ! ቀርከሃው የመስኮታችንን ጠርዝ መታው። «ውረዱ!» ጋሽ ቶኩጂ ማን እንደሆነች አይተዋል። ዓይን ለዓይን ተጋጭተዋል። እናቴ አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ጠየቀችና በራሷ እጅ መዝጊያውን ሳበችው። ጨለማ ውስጥ ተቀምጠን ድምፁ እስኪርቅ ሰማነው።

«ልክ ናቸው» አለችኝ። «የረሳሁት እኔ ነኝ።»

ልክ ናቸው! እንዴት እንዳንገበገበኝ! በመከር ሞተች። እሷ ይቅር ብላ ሄደች፤ ቂሙ ለእኔ ቀረ፤ ጠዋት ጠዋት ከቶፉው ጋር አብሬ ሳረጋው ኖርኩ።

እንግዲህ ወደ ዘንድሮ ልምጣ። በመጋቢት ጋሽ ቶኩጂ ታታሚ ተሸክመው ከደጃፋቸው ሲወጡ አዳለጣቸውና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲመለሱ የእሳቸውም ምድር ቤት የሥራ ቦታ ስለሆነ፣ ገለባና መርፌ ስለሞላው፣ ፎቅ ላይ ተኙ። አራት ጎረምሶች በቃሬዛ ሲያወጧቸው፣ በዚያ መሰላል በሚመስል ደረጃ መሃል ላይ ሊለቋቸው ምንም አልቀራቸውም። ከዚያ ወዲህ «ሁለተኛ ሰው አይሸከመኝም» ብለው ማሉ። ሐኪሙ በረዶ ሳይጥል ይራመዳሉ ቢልም እሳቸው «ለሐምሌ በእግሬ እወርዳለሁ» ብለው ለጠየቃቸው ሁሉ አወሩ። ሁለቱን እንጨቶችም ለማንም አልሰጥም አሉ።

ሐምሌ ደረሰ። ጋሽ ቶኩጂ በምርኩዝ የደረሱት ግን እስከ ደረጃው አፍ ብቻ ነው። በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሪትሱኮ ሱቄ መጣች። ሃምሳ ዓመት አልፏታል፤ ዓይኗ አብጦ እንደ ልጅ ሆና ነው የመጣችው።

«እትዬ ፉሚዮ፣ አባቴ እህል አልቀምስ አለ።»

«ምን ሆንኩ ይላሉ?»

«ምንም አይልም። ፀጉር አስተካካዩ ሴይጎ መጥቶ ‹አዝዬ ላውርድዎት› ቢለው አባረረው። ‹በበዓል ቀን ሸክሙ አምላኩ ብቻ ነው፤ እኔን የምትሸከመኝ ስሞት ነው› አለው። በመስኮት እይ አልለው ነገር... ታውቂው የለ። ከአሁኑ መዝጊያውን ዝጊልኝ አለኝ እኮ! ሦስት ቀን ቀድሞ!» ከንፈሯን ነከሰች። «ዘንድሮ ሚኮሺዋን ካላያት የሚነሳ አይመስለኝም፣ እትዬ። ያ ሁሉ እወርዳለሁ እወርዳለሁ የሚለው ለዚች ቀን ነበር።»

እውነቱን ልናገር? ደስ አለኝ። ያሳፍራል፣ ግን ደስ አለኝ። ይኸው ደረሰልዎት አልኩ በሆዴ። ሽርጤን ፈታሁ፣ አንድ የተሰበረ ቶፉ በሳህን አደረግኩና መንገዱን ተሻገርኩ። የሄድኩት ልስቅባቸው ነበር።

ፎቁ ጨልሟል፤ መስኮቱ ተዘግቶ ሙቀቱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ጋሽ ቶኩጂ ፍራሻቸው ላይ ተጋድመዋል። ያ ሁሉ ትከሻ የት እንደገባ እንጃ።

«መጣሽ?» አሉኝ። «ቆየሽ። እኔ በመጋቢት ነበር የጠበቅኩሽ።»

«ለምን ብለው ነው የሚጠብቁኝ?»

«ልትስቂብኝ ነዋ።»

ሳህኑን አጠገባቸው አስቀመጥኩ። የተሰበረውን ጥግ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ሠላሳ አንድ ዓመት የተሰበረ ቶፉ በላሁ» አሉ። «ዝም ያልኩት ጥርስ ስለሌለኝ መስሎሻል?»

«ያውቁ ነበር እንዴ?»

«ዕውር አደረግሽኝ? ያን ቀን ኪኑ መሆኗን አይቻለሁ። የምትድን እንዳልሆነችም አውቅ ነበር። ግን ቀርከሃው እጄ ላይ ነው፤ ሰዉ ሁሉ ያየኛል። ለአንዷ ካለፍኩ ነገ ለሁሉም ነው አልኩና መታሁት። ማታ እህሉ አልወርድ አለኝ። ከዚያ ወዲህ የመታሁት መስኮት ሁሉ የእናንተ መስኮት ነው የሚመስለኝ።»

«ታዲያ ሰው ከሆኑ መንገዱን ተሻግረው ይቅርታ አይጠይቁም?»

«ቶፉሽን ስበላ ምን ስሠራ ነበር ታዲያ?»

ልቆጣ ወይስ ልሳቅ ጠፋኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ቀጣኋቸው ስል፣ ሰውዬው ቅጣቱን እየጠበቁ በየሁለት ቀኑ ሳህን ይዘው ይመጡልኝ ኖሯል።

«በሉ አሁን መስኮቱን ይክፈቱና ይዩ!» አልኳቸው ጮክ ብዬ። «ማን ይመታዎታል? ቀርከሃው እንደሆነ እዚሁ ግድግዳዎ ላይ ነው ያለው።»

«ለኪኑ የከለከልኩትን ለራሴ ልፈቅድ?» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ሂጂልኝ ፉሚዮ። ቶፉውን ተዪው።»

ልስቅ መጥቼ ሳልስቅ ወረድኩ። መንገዱ መሃል ቆሜ ወደ መስኮታቸው ሽቅብ አየሁ። ቤቱ የድሮ ቤት ነው፤ ፎቁ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ደግሞ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ የሚጀምር። ረጅም ሰው እጁን ቢዘረጋ ጠርዙን ሊነካው ምንም አይቀረው። ሚኮሺዋን ትከሻችን ላይ ስናደርጋት ወፏ ከመስኮቱ በታች ትሆናለች። በመቅደሱ በር ላይ እንደምናደርገው ክንዳችንን ወደ ላይ ዘርግተን ብናነሳትስ? እሳቸውስ ወለሉ ላይ ተኝተው ቢሆን?

እየሮጥኩ ወደ ሴይጎ ሄድኩ። የሚኮሺዋ ተሸካሚዎች አለቃ እሱ ነው። የሰው ፀጉር ግማሽ ላይ ትቶ ተከተለኝ። መቅደሱ ግቢ ሚኮሺዋን ለክተን፣ ክንድ ሲዘረጋ ወፏ የምትደርስበትን ቁመት በሌላ ቀርከሃ ላይ በቀይ ጨርቅ ምልክት አደረግንና መስኮቱ ሥር አቆምነው።

«ሪትሱኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ያን መስኮት ክፈቺና ወለሉ ላይ ተጋደሚ!»

«ምን ሆነሻል እትዬ?»

«ተጋደሚ አልኩሽ! ጉንጭሽን ታታሚው ላይ ለጥፊ! ጨርቁ ይታይሻል?»

ተጋደመች። ከዚያ «ይታየኛል!» አለች። «ሽቅብ ነው የማየው! እትዬ፣ ሽቅብ ነው!»

ሴይጎ ራሱን አከከ። «እዚያ በር ላይ እኮ የምናነሳት ገና ስንወጣ፣ በትኩስ ጉልበት ነው። የጋሽ ቶኩጂ ቤት የመንገዱ መጨረሻ ነው። ድሮ ስልሳ ነበርን። ዘንድሮ ሠላሳ ሦስት ነን። ከዚያ ውስጥ ስድስቱ የዓሣ ፋብሪካው የቬትናም ልጆች ናቸው፤ ብርቱ ናቸው ግን ገና መልመዳቸው ነው። አሥራ አንዱ ደግሞ ሴቶች...»

«ሴቶች ምን?»

«ምንም አላልኩም እትዬ! ምን ወጣኝ?»

ፎቅ ተመልሼ ለጋሽ ቶኩጂ ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡኝ። ስጨርስ ጥያቄያቸው አላልቅ አለ። ክንዳችሁ ቢዝልስ? ወደ ግራ ብታዘነብልስ? የዚያ ጎን ሰዎች አጫጭር ናቸው እኮ! እኔን ደስ ለማሰኘት ብላችሁ አምላክ ልትጥሉ ነው?

«አንጥልም አልኩ!»

«ወፏ ከዓይኔ በታች ከወረደች ግን» አሉ «ሪትሱኮ ወዲያው ትዘጋዋለች። አንድ ጣት እንኳ ብትወርድ። እንደዚያ ከተስማማሽ ነው።»

«ተስማምቻለሁ። እስከ ደጅዎ በሴይጎ ፉጨት እንመጣለን። እዚህ እንጨቱን የሚመቱት እርስዎ ነዎት።»

ሳህኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው የተሰበረውን ቶፉ መብላት ጀመሩ። ሪትሱኮ ደረጃው ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛ ታያቸው ነበር።

የበዓሉ ቀን ፀሐዩ ገና ጠዋት አናት ይበሳ ነበር። ከኮረብታው ወርደን፣ በወደቡ ዞረን፣ በየደጁ ሐብሐብ በልተን ውሃ ተረጭቶብን፣ «ዋሾይ! ዋሾይ!» እያልን ስንመለስ ከሰዓት ሆኗል። እኔ ከፊት በቀኝ በኩል ነበርኩ። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ትከሻዬ ተልጦ ልብሴ ተጣብቆበታል። ከኋላዬ ያለው የቬትናም ልጅ ድምፁ ተዘግቶ እንኳ ዋሾይ ማለቱን አልተወም።

የጋሽ ቶኩጂ ደጅ ስንደርስ ሴይጎ አፏጨና ቆምን። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው አይታዩም። የሚታየው መዝጊያውን የያዘው የሪትሱኮ እጅ ብቻ ነው። መንገዱ ዳር የቆመው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

ከላይ ኳ! አለ።

አነሳናት። እንዴት እንዳነሳናት አትጠይቁኝ፤ አላውቀውም። ክንዴ ተዘርግቷል፣ መሸከሚያው አጣና መዳፌ ላይ ነው፣ ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ቀና ብዬ ሳይ ወፏ ከመስኮቱ ጠርዝ በላይ ፀሐይ ላይ ታበራለች። ከዚያ ወደ ግራ ማዘንበል ጀመረች። የሪትሱኮ እጅ ተንቀሳቀሰ፤ መዝጊያው ስንዝር ያህል ተሳበ።

«ግራ!» ብዬ ጮህኩ። «ግራዎች! በጣታችሁ ቁሙ! እንዳትዘጋው!»

የግራዎቹ ሴቶች በጣታቸው ቆሙ። የዳቦ ቤቷ ልጅ እያለቀሰች ነበር የምትገፋው። ወፏ ተቃናች። መዝጊያውም ባለበት ቆመ።

አሁን ይመታሉ፣ አወረድናት ስል፣ ድምፅ የለም። አሥር ቆጠርኩ፣ ድምፅ የለም። ሃያ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ክንዴ የራሴ አልመስል አለኝ።

«ጋሽ ቶኩጂ! ይምቱ እንጂ!» አለ ሴይጎ። «አለቅን እኮ!»

ምንም የለም። ሞቱ አልኩ። እናቴን! ደስታው ገደላቸው፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው አልኩ። የዚያን ጊዜ ሰውዬውን ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ፤ ከእናቴ ወዲያ በየሁለት ቀኑ ፊቱን ያየሁት ሰው ሌላ ማን አለ?

ኳ! አለ ከላይ።

ትከሻችን ላይ አወረድናት። መንገዱ ሁሉ ጮኸ። ሴይጎ እየሳቀ ግድግዳ ተደገፈ፣ የቬትናሙ ልጅ ክንዱን እያሻሸ «ሽማግሌው ጨካኝ!» ሲል ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ።

ሚኮሺዋን ወደ ኮረብታው መልሰን እንደጨረስን በቀጥታ ፎቅ ወጣሁ። ክንዴ አልነሳ ስላለኝ በሩን በጭንቅላቴ ነው የገፋሁት። ጋሽ ቶኩጂ እዚያው ወለሉ ላይ ናቸው፤ የታታሚው ሽመና ጉንጫቸው ላይ ታትሟል።

«ምን ነካዎት?» ብዬ ጮህኩባቸው። «ሊገድሉን ነው? ሠላሳ ሦስት ሰው እኮ ክንዱን ዘርግቶ... እንቅልፍ ወሰደዎት?»

«አልወሰደኝም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔስ አንዴ ሳያት ጠገብኩ። ልመታ እንጨቱን አንስቼ ነበር። ከዚያ፣ የቀረው የኪኑ ነው አልኩ። እሷ እያየች ላቋርጣት አልቻልኩም።»

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ፤ ክንዴ ስለማይታዘዘኝ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም። ሪትሱኮ መጥታ በፎጣዋ ጠረገችልኝ።

«ፉሚዮ!» አሉ ከላይ። «ከወረድሽ ደረጃውን ቆጥረሽ ንገሪኝ! ከነገ ጀምሮ በቂጤም ቢሆን በቀን አንድ አንድ እለማመዳለሁ!»

«አሥራ አራት ነው!» አልኳቸው። «ራስዎ ያሠሩትን ደረጃ አያውቁም?»

በማግስቱ ጠዋት ውሃው ውስጥ እጄን ሰደድኩ። የተሰበረውን አለፍኩትና ከመሃል አንዱን አወጣሁ፤ በሳህን ይዤ ተሻገርኩ። ጋሽ ቶኩጂ ደረጃው አፍ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አውርደዋል። ሳህኑን ተቀብለው አራቱንም ጥግ አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ተሳስተሽ ነው» አሉኝ።

«አልተሳሳትኩም» አልኳቸው።